የአልጋ ቁስልና ሥር የሰደደ ቁስል ሥልጠና፦ ለነርሶቻችሁ የትኛው ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዋርዳችን ነርሶች በሙሉ የሁለት ቀን የቁስል እንክብካቤ ሥልጠና ወሰድን። ሥልጠናው ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ ሥራውን ያውቃል፣ ስላይዱ ያምራል፣ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ፈተናውን አለፍን። ሰርተፊኬታችንን ይዘን ፎቶ ተነሳን።

በሳምንቱ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ ተረከዛቸው ሥር ውሃ የተሞላ ጓንት ተቀምጧል። ሥልጠናው ላይ በትልቁ "ይህን አታድርጉ" ተብሎ የተጻፈው ነገር። ጓንቱ ለእጅ ለስላሳ ነው፣ ተረከዙ ግን አሁንም የሚያርፈው በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ትራሱ ከባት ሥር ገብቶ ተረከዙ አየር ላይ መቅረት አለበት። ጓንቱን ያስቀመጠችው ነርስ ይህን ፈተናው ላይ በትክክል መልሳለች። ጎበዝ ልጅ ናት። እኔም ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ችግሩ እሷ አይደለችም። ማወቅ ሌላ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ የለመደው ነገር ሌላ። ይህ የኔ ትዝብት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመዝን፣ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ብቻውን የግፊት ቁስልን (የአልጋ ቁስልን ማለት ነው) ቁጥር ይቀንሳል ወይ ለሚለው እርግጠኛ መልስ አላገኘም። ሥልጠና አይረባም ማለት አይደለም። የትኛው ሥልጠና፣ ለየትኛው ጉድለት የሚለውን ሳይጠይቁ መክፈል ግን ገንዘብ መበተን ነው።

ይህን የጻፍኩት ለማትሮኖች፣ ለዋርድ ኃላፊዎች፣ ለሥልጠና አስተባባሪዎችና ከኪሳቸው ከፍለው ለመማር ለሚያስቡ ነርሶች ነው።

## ከመምረጣችሁ በፊት፦ ጉድለቱ የት ነው?

አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ። መቀመጫው አካባቢ ቁስል ያለበትን አንድ ታካሚ ምረጡ፣ ፈቃዱንም ጠይቁ። ሦስት ነርሶች በየተራ ገብተው ይዩት። ሳይነጋገሩ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ይህ ምንድን ነው? ምን ታደርጊለታለሽ?

ሦስቱ ሦስት ዓይነት ስም ከሰጡት ጉድለታችሁ ዓይን ላይ ነው። ስሙ ላይ ተስማምተው አንዷ በደረቅ ጎዝ፣ ሌላዋ በአዮዲን፣ ሦስተኛዋ በፎም (ስፖንጅ መሰል የቁስል መሸፈኛ) ካሸገችው ደግሞ እጅ ላይ ነው። ሦስቱም በትክክል ጽፈው ቁስሉ አሁንም እየባሰ ከሆነስ? ያኔ ችግሩ ከነርሶቹ ጭንቅላት ውጭ ነው። ትራስ የለም፣ ለ30 ታካሚ ሁለት ነርስ ነው ያለው፣ የማገላበጫ ቻርቱን የሚያየው የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ዋርድ ሥልጠና አትግዙ። ፍራሽና ትራስ ግዙ፣ ፈረቃውን አስተካክሉ።

ብሬደን ስኬልን ተመልከቱ። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት፣ ታካሚው ለአልጋ ቁስል ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ስድስት ነገሮችን ያያል፦ ስሜትን፣ እርጥበትን፣ ከአልጋ መውጣትን፣ አልጋ ላይ መንቀሳቀስን፣ አመጋገብን፣ የቆዳ መፈተግና መጎተትን። ነጥቡ ከ6 እስከ 23 ነው፤ 18ና ከዚያ በታች ከሆነ ታካሚው ለአደጋ ተጋልጧል። ብዙ ዋርድ ውስጥ ነጥቡ በየቀኑ ይሞላል። "13" ተብሎ ይጻፋል። ከዚያስ? ምንም። ነጥቡን የሚያስተምርና "13 ካገኘሽ ዛሬ ምን ትቀይሪያለሽ" ብሎ የሚያስተምር ኮርስ አንድ አይደሉም።

## በምን እንመዝናቸው?

ዓይንን ያሠለጥናል ወይ? ለኔ የመጀመሪያው መስፈርት ይህ ነው፤ ትንሽ ላብራራው። የግፊት ቁስል በጥልቀቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይከፈላል። ደረጃ 1 ገና ያልተከፈተ ቆዳ ነው። ጣታችሁን አሳርፋችሁ ስታነሱት ጤነኛ ቆዳ ነጣ ብሎ ይመለሳል፤ ይሄኛው ቅላቱ አይለቅም። እዚህ ላይ ከተደረሰበት መመለስ ይቻላል። ካመለጠ ግን ቀጣዩ ክፍት ቁስል ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ቀለሙ ከአካባቢው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል። በእጅ ስትነኩት ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል፤ ታካሚው ያመዋል። ሥልጠናው የሚያሳየው የነጭ ቆዳ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግማሹን ትምህርት ቆርጦ ጥሎታል።

ሌላው የዓይን ፈተና የአልጋ ቁስልን በሽንትና በሰገራ ከተቆጣ ቆዳ መለየት ነው። የግፊት ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አጥንት ጎላ ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ዳርቻውም ይለያል። በእርጥበት የተቆጣ ቆዳ የተበታተነ ነው፣ በሁለቱም መቀመጫ ላይ ይዘረጋል፣ ጥልቀት የለውም። አንዱን በሌላው ስም ከጻፋችሁት ሕክምናውም ይሳሳታል፤ ማገላበጥ ለሚያስፈልገው ቅባት፣ ቅባት ለሚያስፈልገው ማገላበጥ ትሰጣላችሁ።

እጅ በጓንት የሚገባበት ሰዓት ስንት ነው? ስለ ልምምድ የሚያወራው ሳይሆን ነርሷ ራሷ ድሬሲንግ (የቁስል መሸፈኛ) የምትፈታበት፣ የምትለካበት፣ የምታጥብበት ሰዓት። ቁጥሩን በግልጽ መናገር የማይችል አዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

የቁስሉን ምክንያት ያስተምራል ወይ? ሥር የሰደደ ቁስል ሁሉ የአልጋ ቁስል አይደለም። የደም መልስ ችግር ያመጣው የእግር ቁስል አለ፣ የደም ቅዳ መዘጋት ያመጣው አለ፣ የስኳር እግር አለ። የደም መልሱን በፋሻ አጥብቆ ማሰር መድኃኒቱ ነው። ያንኑ ፋሻ የደም ቅዳው በተዘጋ እግር ላይ ካጠበቃችሁት እግሩን ልታሳጡት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ከማሰር በፊት የቁርጭምጭሚቱና የክንዱ የደም ግፊት ንጽጽር የሚለካው። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.8 በታች ከሆነ መቆም፣ ማማከር ነው። በተቃራኒው ከ1.3 በላይ ከሆነም ቁጥሩ አይታመንም፤ ደም ቅዳው ጠንክሮ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ስኳር ባለባቸው ላይ። የማሰር ልምምድ አስገብቶ ይህን ልኬት የዘለለ ኮርስ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ እለፉት።

በእጃችሁ ባለው ዕቃ ይሠራል ወይ? በግምጃ ቤታችሁ ያለው ጎዝ፣ ቫዝሊን ጎዝና ኖርማል ሳላይን ከሆነ ስለ ብር ድሬሲንግና ስለ መምጠጫ ማሽን ሦስት ሰዓት መስማት ምን ይረባል?

የሚከፍለው ማነው? ድሬሲንግ ሻጭ ድርጅት ያዘጋጀው ሥልጠና ሁሉ መጥፎ አይደለም። ናሙና ይመጣል፣ ነርሶች ዕቃውን በእጃቸው ይነካሉ። ግን ስላይዱ ላይ "ፎም"፣ "አልጂኔት"፣ "ሃይድሮኮሎይድ" የሚል የድሬሲንግ ዓይነት ስም ነው ወይስ የአንድ ፋብሪካ ስም? መልሱ ብዙ ይናገራል።

ከሦስት ወር በኋላ ማን ይመለሳል? ተከታይ የሌለው ሥልጠና በወር ውስጥ ይተናል። ይህን መስፈርት ብዙ ገዢ አይጠይቅም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ። የኮርሱ ክፍያ ዋጋው አይደለም። ነርሷ በሌለችበት ቀን ዋርዱን የሚሸፍነው ሰው ዋጋ ነው ትልቁ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### የአንድ ወይም የሁለት ቀን ወርክሾፕ

ጥንካሬው ብዙ ሰው በአንዴ ማዳረሱ ነው። አንድ ቋንቋ ይፈጥራል፤ ቀን ፈረቃ "ደረጃ 2" ሲል ማታ ፈረቃ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። አዲስ ፕሮቶኮል ወይም አዲስ ቻርት ስታስገቡ ወርክሾፕ ያስፈልጋችኋል።

ዓይንን በመጠኑ ያሠለጥናል፣ እጅን እምብዛም። 60 ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ የመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ እጁን የሚያሳርፈው ፊት የተቀመጠው ብቻ ነው። እንዲሻሻል ከፈለጋችሁ ከሰዓቱን ሙሉ በአምስት በአምስት ሰው ከፍላችሁ በየጣቢያው አዙሯቸው፦ አንዱ ላይ ልኬት፣ አንዱ ላይ ታካሚን በ30 ዲግሪ ማጋደል፣ አንዱ ላይ ፋሻ ማሰር። ይህን የማይቀበል አዘጋጅ ንግግር ነው የሚሸጥላችሁ።

### የኦንላይን ኮርስ

ብዙዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም፤ ለአንድ ነገር በጣም ጥሩ ነው፦ ቁስል መለየት። መቶ ፎቶ ማየት፣ መሳሳት፣ ወዲያው መታረም። በዋርድ ውስጥ መቶ ቁስል ለማየት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የአውሮፓ የግፊት ቁስል አማካሪ ፓነል ያዘጋጀው ፑክላስ የተባለ የመለያ ትምህርት ለዚሁ ዓላማ የተሠራ ነው። የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የፓን ፓሲፊክ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ያወጡት ዓለም አቀፍ መመሪያም አጭር ቅጂ አለው። ከየትኛውም ኮርስ በፊት ያንን ማንበብ አይከፋም፤ የኮርሱ ይዘት ከዚያ መመሪያ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ገና ከመክፈላችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ፎቶ አይሸትም። ፎቶ ላይ ጣታችሁን ጭናችሁ ሙቀቱን አታውቁም። ከዳርቻው ሥር የገባውን ክፍተት አታገኙም። በዚያ ላይ "ቀጣይ" የሚለውን ቁልፍ እየተጫኑ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። አውቃለሁ፣ አንዷ እኔ ነኝ።

### የአልጋ ዳር ሥልጠና

አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ ሁለት ወይም ሦስት ነርስ፣ አንድ እውነተኛ ቁስል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ልኬት ላሳያችሁ።

ድሬሲንጉ ተፈታ። ጥሩ አሠልጣኝ ወዲያው አያብራራም። "ምን አየሽ?" ይላል፣ ይጠብቃል። ነርሷ "5 በ4" ትላለች። "ከየት እስከ የት?" ትባላለች። ያኔ ነው ሰዓቱ የሚመጣው፤ የታካሚው ራስ 12 ሰዓት ነው፣ እግሩ 6 ሰዓት። በቁመት ከ12 ወደ 6፣ በስፋት ከ3 ወደ 9። ከዚያ በኖርማል ሳላይን የራሰ ንጹሕ የጥጥ እንጨት ቀስ ብሎ ወደ ጥልቁ ይገባል። ከቆዳው ወለል ጋር እኩል በሆነበት ቦታ በጣት ይያዛል፣ ወጥቶ በማስመሪያ ይለካል። አሁን ደግሞ ዳርቻውን ዞር ዞር አድርጋ ትፈትሻለች። 2 ሰዓት ላይ እንጨቱ ሳይታሰብ ሸርተት ብሎ ይገባል። ሦስት ሴንቲ ሜትር። ከላይ ሲታይ ትንሽ የነበረው ቁስል ከሥሩ ዋሻ አለው። የነርሷ ፊት ሲቀየር ታዩታላችሁ። ያቺ ነርስ ከዚያ በኋላ ዳርቻ ሳትፈትሽ ድሬሲንግ አትዘጋም። ይህን የሚያስተምር ስላይድ አላየሁም።

አልጋ ዳር ላይ ሌላም ነገር ይታረማል፦ የቆየ ልማድ። የቀላ ቆዳን ማሸት፣ ክፍት ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማፍሰስ፣ ቁስሉን ለማድረቅ ክፍት መተው። ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቆዳው ቶሎ እንደሚሸፈን በአሳማ ላይ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል፣ "አየር ይንካው" የሚለው ግን አሁንም አለ። በሌላ በኩል ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ የጸና፣ ያልቀላና ያልላላ ጥቁር ቅርፊት ሲያዩ ለመቅረፍ የሚቸኩሉ አሉ። እሱ የሰውነት የራሱ ሽፋን ነው፤ አይነካም፣ በየቀኑ ይታያል።

ታዲያ እንከኑ ምንድን ነው? ሁሉ ነገር በአሠልጣኙ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ የተሳሳተ ልማድ ካለው ስሕተቱን በእጅ በእጅ ያስተላልፋል። ስለዚህ በጽሑፍ የተዘጋጀ የክህሎት መፈተሻ ያስፈልጋል፤ "አየሁት" ሳይሆን "ብቻዋን ሠራችው" የሚል። እና ቀስ ይላል። 40 ነርስ ያለው ሆስፒታል በዚህ መንገድ ሁሉንም ለማዳረስ ወራት ይፈጅበታል።

### የቁስል ተጠሪ ነርስ

ከየዋርዱ አንድ ሰው ይመረጣል፣ በደንብ ይሠለጥናል፣ ተመልሶ ሌሎቹን ይደግፋል። ወጪው መካከለኛ፣ ውጤቱ ግን ሲሠራ ረጅም ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄ ሲነሳ መልሱ እዚያው ፈረቃ ውስጥ አለ።

"ሲሠራ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ነገር ይገድለዋል። አንደኛው ሰዓት አለመስጠት ነው። ተጠሪዋ የራሷን ታካሚዎች ሙሉ ጭና "በትርፍ ጊዜሽ አስተምሪ" ከተባለች ሹመቱ በስም ነው። በሳምንት ቢያንስ ጥቂት ሰዓት በፈረቃ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ይሰጣት። ሁለተኛው ደግሞ "ቁስል ነው? እሷን ጥሯት" የሚለው ነው። በወራት ውስጥ የዋርዱ ቁስል በሙሉ የሷ ይሆናል፣ ሌሎቹ መፍታት እንኳ ይረሳሉ። ከጅምሩ ሥራዋ ማስተማር እንጂ ማሸግ እንዳልሆነ ይጻፍ። ደግሞ ሁለት ሰው ምረጡ። አንዷ ስትዛወር ሁሉ ነገር ዜሮ እንዳይሆን።

### ረጅም የሰርተፊኬት ወይም የስፔሻሊቲ ፕሮግራም

ይህ ሙያ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ዶክተር ሩፐርት ተርንቡል የቀድሞ ታካሚያቸውን ኖርማ ጊልን አንጀታቸው በሆድ ወጥቶ ለተቀመጠላቸው ሰዎች እንክብካቤ እንድትሰጥ አሰማሯት። መደበኛው ሥልጠና በ1961 ጀመረ። የዛሬው የቁስልና የስቶማ (በሆድ ላይ የወጣ የአንጀት መክፈቻ) ስፔሻሊስት ነርስ ዘር ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ከወራት እስከ ዓመት የሚወስዱ፣ ክሊኒካል ልምምድና ፕሮጀክት ያላቸው ፕሮግራሞች በየአገሩ አሉ። አንዳንዶቹ የምስክር ወረቀታቸው በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ስትበጅቱ ይህንንም ጨምሩ።

ጥልቀቱን የሚስተካከለው የለም። የስኳር እግር፣ የእግር ቁስል፣ የሞተ ሥጋ ማንሳት፣ ከቀዶ ሐኪም ጋር በእኩል ቋንቋ መነጋገር፣ ሁሉም አለበት። ግን አንድ ሰው ነው የምትልኩት። ተመልሳ ስትመጣ የት ትቀመጣለች? ድሬሲንግ የማዘዝ፣ ሌላ ዋርድ ገብታ የማየት ሥልጣን አላት? ከሌላት ባለ ወርቅ ወረቀት ሆና እንደ ድሮው መድኃኒት ታዞራለች፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ ታገኝና ትሄዳለች። አልፈርድባትም።

### የርቀት የኬዝ ውይይት

በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ተገናኝቶ በፎቶ የመጣ ቁስል ላይ መወያየት ነው። ርካሽ ነው፣ ብቻውን ግን ሥልጠና አይሆንም። ከሌላ አማራጭ በኋላ እንደ ማስታወሻ ይሠራል። ሁለት ሕግ አይዘለል፦ የታካሚው ፈቃድ፣ እና ፎቶው ውስጥ ማስመሪያ። ማስመሪያ የሌለው ፎቶ ለልኬት አይረባም። ፎቶው በማን ስልክ ላይ እንደሚቀርም አስቡበት።

## ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለዓይን | ለእጅ | ወጪ | ከሦስት ወር በኋላ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| ወርክሾፕ | መካከለኛ | ደካማ | መካከለኛ፤ የፈረቃ ሽፋን ይወደዳል | ክትትል ከሌለ ጥቂት ይቀራል | ንግግር ብቻ መሆኑ |
| ኦንላይን | ጥሩ | የለም | ዝቅተኛ | ከተደገመ ይቀራል | ሳያነቡ ማለፍ |
| አልጋ ዳር | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የአሠልጣኝ ሰዓት | በደንብ ይቀራል | የአሠልጣኙ ስሕተት መተላለፉ |
| ተጠሪ ነርስ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ሰዓት ከተሰጣት ይቀራል | ሥራው ሁሉ በሷ ላይ መጫኑ |
| ረጅም ፕሮግራም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | ለአንድ ሰው ሙሉ በሙሉ | ሰልጥና መሄዷ |
| የርቀት ውይይት | ጥሩ | የለም | ዝቅተኛ | እንደ ማደሻ ያግዛል | የታካሚ ምስጢር |

## ለማን የትኛው?

በጀት የለንም የምትሉ። ነፃ የሆነውን የኦንላይን መለያ ትምህርት ሁሉም ይውሰድ፣ ለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡ። ከዚያ በዋርዱ ካሉት እጇ የሚታመን አንዲት ነርስ ምረጡና በሳምንት አንድ ጠዋት አልጋ ዳር ሁለት ሁለት ሰው ይዛ ትዙር። የሚያስወጣችሁ የሷ ሰዓት ብቻ ነው። ከብዙ ውድ ወርክሾፕ የተሻለ ውጤት ልታዩ ትችላላችሁ።

መካከለኛ በጀት ያለው ሆስፒታል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። በመጀመሪያ ለሁሉም የግማሽ ቀን ወርክሾፕ አድርጉ፣ የጋራ ቋንቋ እንዲኖር ብቻ። ዋናውን ገንዘብ ግን ለየዋርዱ ሁለት ተጠሪ ነርስና ለአልጋ ዳር ክትትል አውሉት። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግልባጩ ነው፤ ገንዘቡ አዳራሽ ላይ ያልቅና ለክትትል የሚቀረው "በርቱ" ማለት ይሆናል።

ትልቅ ሆስፒታል፣ ብዙ የስኳር እግርና የእግር ቁስል የሚመጣበት። አንድ ወይም ሁለት ሰው ረጅሙን ፕሮግራም ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግን የሥራ መደቡን ፍጠሩ። ስም፣ ሥልጣን፣ ደመወዝ፣ ቢሮ ባይኖር እንኳ ሰዓት።

ፅኑ ሕሙማን ክፍልና ቀዶ ሕክምና ክፍል። የናንተ ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። የጥልቅ ሥጋ ጉዳት ከተከሰተ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ነው ቆዳ ላይ የሚታየው። ስለዚህ ዛሬ ዋርድ ውስጥ የታየው ወይን ጠጅ ምልክት ከትናንት ወዲያ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ዋርዱን ብቻ ብታሠለጥኑ ጥፋቱን የተሸከመውን ታሠለጥናላችሁ። የቀዶ ሕክምና ነርሶችን አብራችሁ አስገቡ። ቱቦና የኦክስጅን ጭንብል የሚፈጥሩት ቁስልም በይዘቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ አፍንጫ ድልድይ ላይና ከጆሮ ጀርባ ማንም አያይም።

የቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሰጡ ወይም የአረጋውያን ማቆያ ያላችሁ። ነርሶች ብቻ አይብቁ። ታካሚውን የሚያጥበውና የሚያገላብጠው ሰው ቆዳውን ቀድሞ ያያል። ለእሱ ስለ ድሬሲንግ አታስተምሩት። "ይህን ካየህ ንገረን" የሚል የአንድ ሰዓት ትምህርት በሁለት ፎቶና በአንድ የስልክ ቁጥር ይበቃዋል።

ከኪሷ ለምትከፍል ነርስ። እህቴ፣ መጀመሪያ ነፃውን ጨርሺ። ቀጥሎ ከመክፈልሽ በፊት ስለ ወረቀቱ ጠይቂ፦ በምትሠሪበት አገር የሙያ ፈቃድ ሰጪው ይቀበለዋል? የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ይያዝበታል? "ዓለም አቀፍ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የመግቢያ መስፈርቱንም እዪ፤ አንዳንዱ ፈተና ዲግሪና በቁስል ሥራ ያሳለፍሽውን ሰዓት ይጠይቃል።

## ለአዘጋጁ የምትልኩት ጥያቄ

ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። እኔ አራት ነገር ነው የምጠይቀው። አሠልጣኙ ለመጨረሻ ጊዜ ቁስል ያሸገው መቼ ነው? ጥቁር ቆዳ ላይ ያለ ደረጃ 1 እንዴት ታሳያላችሁ? አንድ ነርስ ስንት ሰዓት በእጇ ትሠራለች? በ12ኛው ሳምንት ምን ትለካላችሁ? ለመጨረሻው "የእርካታ መጠይቅ እናስሞላለን" ካሏችሁ፣ የምግቡን ጥራት ሊለኩላችሁ ነው።

## ሥልጠናው መሥራቱን የምታውቁበት

ከሥልጠናው በፊት አንድ ቀን ምረጡ። በዚያ ቀን በዋርዱ ያለውን ታካሚ ሁሉ ከራስ እስከ እግር ቆዳውን እዩ። ስንት ቁስል፣ በየትኛው ደረጃ፣ ስንቱ እዚህ ከገባ በኋላ የመጣ ብላችሁ ጻፉ። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ድገሙት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከጥሩ ሥልጠና በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ደረጃ 1 ድሮ አይመዘገብም ነበር፤ አሁን ዓይን ተከፍቷል። አለቃችሁ ደንግጦ "ይሄ ነው ሥልጠናው?" እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት። የምታነጻጽሩት ደረጃ 3ና ደረጃ 4ን ነው፣ እነሱ መቀነስ አለባቸው። ቁስል ሲድን ደግሞ ደረጃው ወደ ኋላ አይቆጠርም። ደረጃ 4 የነበረ እየዳነ ያለ ደረጃ 4 ነው እንጂ ደረጃ 2 አይሆንም። ቻርት ላይ እንዲህ ተጽፎ ካገኛችሁ ሥልጠናው ገና አልገባም ማለት ነው።

የመቁጠሪያውን ቀን ለዋርዱ አስቀድማችሁ አትንገሩ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ሲያጋድል ሌላው ያያል። ሁልጊዜ የሚረሳው ተረከዝ ነው፣ ስለዚህ ካልሲውን አውልቁ።